ቤተ መጻሕፍቱን በገበያ ቀን ክፈቱልን

ለወረዳችን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት
ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት
እንዲሁም ለአገሬው ሰው በሙሉ

ጉዳዩ፦ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችን ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲከፈት ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በዚህችው ከተማ 26 ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ መምህር ነኝ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁን አውቃችኋለሁ። አንዳንዶቻችሁን ጠመኔ ይዤ አስተምሬአችኋለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የባዳ አቤቱታ አድርጋችሁ ሳይሆን የቤት ሰው ምክር አድርጋችሁ ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ያለፈው ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ነበር። ከእህል ተራው ከፍ ብሎ የቤተ መጻሕፍታችን የቆርቆሮ አጥር አለ። በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። በአጥሩ ጥላ ሥር ጆንያቸውን ተደግፈው የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። ሁለት ልጆች ቆርቆሮው ላይ ባለች ቀዳዳ ተራ በተራ ወደ ውስጥ ያያሉ። ጠጋ አልኩና "ምን አያችሁ?" አልኳቸው። ታላቅየው ዞር ብሎ "ወንበር" አለኝ።

ያቺ አንድ ቃል ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቀችኝም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝም እሷ ናት።

የቅዳሜን ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ። ከየቀበሌው ሁለት ሦስት ሰዓት በእግሩ የሚመጣ ሰው ከተማችንን ይሞላል። ገብሱን፣ ባቄላውን፣ ድንቹን፣ ቅቤውን ይዞ ይመጣል። እስከ ስድስት ሰዓት ግፋ ቢል እስከ ሰባት ሰዓት ሸጦ ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ግን ወዲያው አይመለስም። የመንገድ ጓደኛው እስኪሰበሰብ፣ ፀሐዩ እስኪበርድ፣ የወፍጮው ተራ እስኪደርስ ይጠብቃል። እናቶች ልጆቻቸውን አስከትለው ይጠብቃሉ። ያ የመጠበቂያ ሰዓት ወይ ጠላ ቤት ያልፋል፣ ወይ ፀሐይ ላይ።

አሁን ደግሞ የቤተ መጻሕፍታችንን ሰዓት እንይ። እንደ ማንኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋት 2፡30 ተከፍቶ ማታ 11፡30 ይዘጋል። የምሳው ሰዓት፣ የዓርቡም ረዘም ያለው፣ ሲቀነስ በሳምንት 39 ሰዓት ይሆናል። በነዚህ 39 ሰዓታት ተማሪው ክፍል ውስጥ ነው። መምህሩ እያስተማረ ነው። ገበሬው ማሳው ላይ ነው። እናቶች ውሃና እንጨት ላይ ናቸው። ብቅ የሚሉት በፈረቃ የሚማሩ ጥቂት ልጆች ብቻ ናቸው። ሰው ሥራ ሲፈታ ቤተ መጻሕፍቱም ይዘጋል። ከዚያ የዓመቱ ሪፖርት ሲቀርብ "የተጠቃሚ ቁጥር ዝቅተኛ ነው" ይባላል። ሕዝቡ ማንበብ ስላልወደደ አይደለም። በሩና ሕዝቡ ተላልፈው ነው።

ስለ እናቴ ልንገራችሁ።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በሐምሌ 1971 ዓ.ም ሲጀመር እኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ማታ ማታ ቀሚሷን ይዤ እከተላት ነበር። በኩራዝ ብርሃን፣ የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው፣ ከልጆቻቸው በማይበልጥ ወጣት ፊት ቁጭ ብለው "ሀ፣ ሁ" ሲሉ ትዝ ይለኛል። ስሟን መጻፍ የቻለች ዕለት ቤታችን ገብታ በምድጃ ከሰል ግድግዳው ላይ ጻፈችው። ቤቱ እስኪመረግ ድረስ ማንም አልነካውም።

ያ ዘመቻ እያደር በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የማንበብና የመጻፍ ሽልማት አስገኝቷል። በዘመኑ የተሠራው ሁሉ ደግ ነበር ለማለት አይደለም። አንድ ነገር ግን በደንብ ገብቷቸው ነበር። ፊደል የቆጠረ ሰው የሚያነበው ካላገኘ ይረሳል። ስለዚህ "ድኅረ መሠረተ ትምህርት" ብለው በየገጠሩ የንባብ ቤት አሠሩ። የኛም ቤተ መጻሕፍት መነሻው እንዲህ ያለ አንድ ክፍል ቤት ነው። ድንጋዩን ከወንዝ ዳር ተሸክመው ያመጡት ሰዎች ጥቂቶቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያው ቤት አጥር ሥር ከሚቀመጡት መካከል እነሱም አሉበት።

እናቴ ግን ለብዙ ዓመታት "ፊደሉ ጠፋብኝ" ትለን ነበር። እኛም አመንናት። እንዲያውም እኔ መምህሩ ልጇ፣ "ሳይለማመዱት ሲቀሩ እንዲህ ነው" እያልኩ አስረዳ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሕክምና አዲስ አበባ ወሰድኳት። ተራ ስንጠብቅ አጠገቧ አንድ አዛውንት ጋዜጣ ያነቡ ነበር። ደከማቸውና መነጽራቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

"እስቲ ያውሱኝ፣ አባቴ" አለቻቸው።

ሰጧት። አደረገችው። ጋዜጣውን አነሳች። መጀመሪያ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ድምፅ ወጣት። ፊደል በፊደል እየጎተተች አንድ ቃል ጨረሰች። ሁለተኛውን ጨረሰች። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ አለቀሰች።

ፊደሉ አልጠፋባትም ነበር። ዓይኗ ነው የደከመው። መነጽር አጥታ ከ20 ዓመት በላይ "ማይም ነኝ" ብላ ኖረች።

ሰው አርባ ዓመት ሲያልፈው ቅርብ ያለ ጽሑፍ ለማየት ይቸገራል። ሕመም አይደለም፣ ዕድሜ ነው። ለዚህ የሚሆነው የማንበቢያ መነጽር ከተማ ውስጥ ሱቅ በደረቴዎች አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይሸጡታል። በወረዳችን ዳዊት ሲደግሙ የኖሩ፣ ቁርኣን ሲቀሩ የኖሩ፣ በዘመቻው የተማሩ ስንት ሰዎች ናቸው መጽሐፍ እያላቸው ዓይን ያጡት? በቤተ መጻሕፍታችን ጠረጴዛ ላይ አሥር መነጽር ቢቀመጥ፣ ከአሥር ካርቶን መጽሐፍ ይልቅ ብዙ አንባቢ ያመጣል ብዬ አምናለሁ። ይህን የምለው ከእናቴ ፊት ተምሬ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቅዳሜ ቢከፈት ምን እንደሚሆን በግምት አይደለም የምነግራችሁ። አይቻለሁ።

ባለፈው ዓመት የቤተ መጻሕፍታችን ሠራተኛ በራሷ ፈቃድ፣ ያለ ምንም ክፍያ፣ አራት ቅዳሜ ከፈተችው። እኔም አብሬአት ነበርኩ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ስምንት ሰው ገባ። አብዛኞቹ ፀሐዩን ሸሽተው ነው። አንድ አባት ደፉ ላይ ቆመው "ጫማ ይወለቃል?" ብለው ጠየቁ። "ኧረ ይግቡ፣ አባባ" አለቻቸው። ገብተው ጥግ ላይ ተቀመጡ፤ ዱላቸውንም አልለቀቁም። ከተማ ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ እየተመላለሱ ይህን ቤት ሲገቡት የመጀመሪያቸው ነው። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ የቆየ ጋዜጣ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ስለ ማዳበሪያ የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አስደገሙት።

በሁለተኛው ቅዳሜ አንዲት ወጣት ከእናቷ ጋር መጣች። ወደ ሪያድ ልትሄድ ነው። የሥራ ውሉን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። ፈርማበታለች፤ አላነበበችውም። እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለተማረች ማንበብ ትችላለች፤ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት አይታ አታውቅም። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነውና ሦስታችንም አንቀጽ በአንቀጽ አነበብነው። ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደምታርፍ፣ የመመለሻ ቲኬቱን ማን እንደሚከፍል። "ሁለት ዓመት መሆኑን ገና አሁን ሰማሁ" አለች። እናቷ ምንም አላሉም። መሄዱን አልተወችውም፣ ሄደች። ግን የውሉን ኮፒና የምትደውልባቸውን ቁጥሮች እናቷ እጅ ትታ ሄደች። ስንት ልጆቻችን ቤሩት፣ ጅዳ፣ ዱባይ እንዳሉ ታውቃላችሁ። ስንቶቹ ውላቸውን አንብበው እንደሄዱ ግን አንድም ቢሮ አይጠይቅም።

በሦስተኛው ቅዳሜ የልማት ሠራተኛውን ጋበዝነው። ስለ ስንዴ ዋግ እንዲነግረን ነው። መጽሔት የምታህል፣ ባለ ሥዕል መመሪያ ይዞ መጣ። የመጡት ገበሬዎች 30 ይሆናሉ፤ መቀመጫ አልበቃም። መናገር የጀመሩት ግን እሱ ሳይሆን እነሱ ናቸው። በ2003 ዓ.ም ምርት ላይ የደረሰውን ቢጫ ዋግ አንሥተው ተረኩ። ያኔ አብዛኛው ሰው የዘራው ቁብሳ የሚባለውን ስንዴ ነበር። ቁብሳ ደግሞ ያን ዋግ አልቻለውም። አንድ ገበሬ እንዲህ አሉ፦ "ቅጠሉ ላይ ቢጫ ዱቄት አየሁ። አበባ መስሎኝ ደስ አለኝ።" ልማት ሠራተኛው መመሪያውን ገልጦ ሥዕሉን አሳያቸው። በቅጠሉ ላይ በመስመር በመስመር የሚወጣው ቢጫ ነገር፣ በጣት ሲነካ የሚበን። ብርድ ያለበት ደጋ እንደሚመቸው፣ በነፋስ እንደሚዛመት፣ ገና ጥቂት ቅጠል ላይ ሳለ ከታየ በመድኃኒት ሊቆም እንደሚችል ነገራቸው። እኚያ ገበሬ ሥዕሉን ብዙ አዩት። "ይቺ ወረቀት ያኔ የት ነበረች?" አሉ።

እንዲህ ያሉ ወረቀቶች በየቢሮው መደርደሪያ ላይ አሉ። የጤናውም አለ፣ የግብርናውም አለ፣ የፍርድ ቤቱም አለ። የሚያነባቸው ሰው ግን ቢሮ አይገባም። ቢሮ ሰው የሚገባው ሲጠራ ወይ ሲከሰስ ነው። ቤተ መጻሕፍት ግን ማንም ሳይጠራ የሚገባበት ቤት ነው። ለዚህ ነው የወረዳው ባለሙያዎች ሁሉ ቅዳሜ ተራ ይዘው እዚያ ቢመጡ የምለው። አንድ ቅዳሜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ አንድ ቅዳሜ የእንስሳት ሐኪሙ፣ አንድ ቅዳሜ ስለ መሬት ደብተርና ስለ ውርስ የሚያስረዳ ሰው። ሕዝቡን ስብሰባ ብላችሁ ከየቀበሌው ከምትጠሩት፣ በገዛ እግሩ መጥቶ በተገኘበት ቀን ብታገኙት ይሻላል። አበልም አያስፈልግም።

አራተኛው ቅዳሜ የልጆች ነበር። ጥጥ በመፍተል የሚታወቁ አንዲት እናት እንዝርታቸውን ይዘው መጡ። "ተረት ተረት" አሉ። ልጆቹ "የላም በረት" ብለው ቤቱን አናጉት። ከ40 የማያንሱ ልጆች ወለሉ ላይ ተቀምጠው ነበር። እናቶቻቸው ዘንቢላቸውን አስቀምጠው በሩ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። ሠራተኛዋ ትልልቆቹ ልጆች የሰሙትን እንዲጽፉ ወረቀት ሰጠቻቸው። አንዲት የ4ኛ ክፍል ልጅ የጦጣይቱን ተረት በአንድ ገጽ ጻፈችው። ቆማ አነበበችው። እማማ እንዝርታቸውን አቆሙ። "እኔ ያልኩት ነው እዚያ ላይ ያለው?" ብለው ጠየቁ። "አዎ፣ እማማ፤ እርስዎ ያሉት ነው።" ወረቀቱን ተቀብለው ገለባበጡት። ማንበብ አይችሉም። ግን እስኪበቃቸው አዩት።

ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች የማንበብ ችሎታ ተፈትኖ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው የተፈተኑት። ከዚያ 12 ዓመት ቆይቶ፣ በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5.4 በመቶ። አገር ደነገጠ። በዚያን ጊዜ ስለ ፈተናው አሰጣጥ ብዙ ተባለ። እኔ ግን ውጤቱን ስሰማ ትዝ ያሉኝ እነዚያ 2ኛ ክፍል ላይ አንዲት ቃል ያቃታቸው ልጆች ናቸው። ልጅ ማንበብ የሚለምደው በመማሪያ መጽሐፍ ብቻ አይደለም። የሚወደውን ነገር ሲያነብ ነው። ገጠር ያለ ልጅ ቤቱ ውስጥ የሚያነበው ምን አለ? የስኳር ፌስታልና የሳሙና ካርቶን። ሌላ ካለ ንገሩኝ።

በአምስተኛው ቅዳሜ ቤቱ ተቆለፈ። ከሥራ ሰዓት ውጭ መክፈት ያልተፈቀደ መሆኑ፣ ንብረት ቢጠፋ ተጠያቂው እንደማይታወቅ ለሠራተኛዋ ተነገራት። ይህን የወሰነውን ሰው አልወቅስም። ኃላፊነት ያለበት ሰው ንብረት ያስፈራዋል። ግን ፍርሃቱ መልስ የሌለው አይደለም፤ እስቲ እንነጋገርበት።

በጀት የለም ትላላችሁ። ተጨማሪ በጀት አልጠየቅንም። ሠራተኛዋ ቅዳሜ ሠርታ ሰኞ ትረፍ። የሥራ ሰዓቱ አይጨምርም፣ ቀኑ ነው የሚቀየረው። ሰኞ ጠዋት ያንን በር ከፍቶ የሚገባ ሰው አለመኖሩን ከመዝገቡ ማየት ትችላላችሁ። መጻሕፍት ይጠፋሉ ለሚለው፣ እኛ ጡረታ የወጣንና ልንወጣ የደረስን መምህራን በተራ በሩ ላይ እንቀመጣለን። ስማችንን ዝርዝር አድርገን ፈርመን እንሰጣለን። እንዲያውም ግልጹን ልናገርና፣ ዘንድሮ ሁለት መጻሕፍት ቢጠፉ አልደነግጥም። የጠፋ መጽሐፍ ቢያንስ ሰው ቤት ገብቷል። እኔን የሚያስደነግጠኝ አሥር ዓመት ሳይነካ አቧራ የለበሰው ነው።

ቤተ መጻሕፍት የጸጥታ ቦታ ነው፣ ተረትና ስብሰባ አይሆንበትም የሚሉም አሉ። እኔም ክፍሌ ውስጥ ጸጥታ እወዳለሁ። ለሚያጠና ተማሪ ጸጥታ ያስፈልገዋል፤ ለዚህ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ አለ። በተረፈ ጓሮው ሰፊ ነው። ዋርካው አለ። ጥላው የሚበቃ ነው።

ሌላው የቅዳሜ ሥራ ወረቀትና ስልክ ነው። ዛሬ ሁሉ ነገር በስልክ ሆኗል። የፈተና ውጤት በስልክ ይታያል። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ በኢንተርኔት ይሞላል። ባንክ ስትሄድ ፋይዳ መታወቂያ ትጠየቃለህ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ መማሪያ መጽሐፉ ለብዙ ተማሪ የደረሰው በሶፍት ኮፒ ነው፤ ስልክ የሌለው ልጅ ደግሞ የጓደኛውን ስልክ ይለምናል። ውጤት በሚለቀቅበት ሰሞን ልጆቻችን የቁጥራቸውን ወረቀት ይዘው ኢንተርኔት ያለበት ሱቅ ደጃፍ ሲሰለፉ አያለሁ። ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ልጅ ለዚያች አንዲት ገጽ ከፍሎ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ሳያይ ይመለሳል። ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ፤ አንደኛው ከመጣ ጀምሮ ላስቲኩ አልተነሣም። ላስቲኩን አንሡልን። ኢንተርኔቱን ለቅዳሜ ብቻ እንኳ አገናኙልን። የአይቲ መምህራችን ሊረዳ ፈቃደኛ ነው፤ ጠይቄዋለሁ።

ይህ ሁሉ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ አሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነው ሲሠሩ፣ ከየአገሩ ላሉ ልጆች መጽሐፍ ሲታዘዝ ለኢትዮጵያ ልጆች በቋንቋቸው የሚሆን አለማግኘታቸው ነው ያነሣሣቸው። አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ቆየት ብሎ ደግሞ ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ጀመሩ። ሰው ወደ መጽሐፉ ካልመጣ መጽሐፉ ወደ ሰው ይሂድ ነው ነገሩ። ጎረቤታችን ኬንያም ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጋሪሳ አካባቢ ለአርብቶ አደሮች በግመል መጽሐፍ ትልካለች። ኮድ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅትም በገጠር ከተሞች ከነዋሪውና ከአስተዳደሩ ጋር እየተባበረ የንባብ ማዕከላትን አቋቁሟል፤ በአገር ቋንቋዎች የልጆች መጻሕፍትን አሳትሟል። እኛ አህያም ግመልም አልጠየቅንም። አህያው ራሱ ቅዳሜ ቅዳሜ አጥራችን ላይ ታስሮ ይውላል፤ ባለቤቱም አጠገቡ ነው።

በ2014 ዓ.ም አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት ደስ ብሎኛል። ተማሪዎቼ አዲስ አበባ ሲሄዱ መጀመሪያ እዚያ እንዲገቡ እነግራቸዋለሁ። አንዱ ተማሪዬ "ቲቸር፣ ወንበር ለማግኘት በጠዋት መሄድ አለብህ" ብሎ ጽፎልኛል። ደስ የሚል ችግር ነው። ግን ከአራት ኢትዮጵያውያን ሦስቱ ያህል የሚኖሩት ገጠር ነው። እዚህ ወንበሩ አለ። የሚቀመጥበት ሰው ቀዳዳ ውስጥ ያየዋል።

ለአገሬው ሰውና በውጭ ላላችሁ ልጆቻችንም ሁለት ቃል አለኝ። ከአሜሪካም ከእስራኤልም ከአውሮፓም ስለምታስቡልን እናመሰግናለን። የላካችኋቸው ካርቶኖች ደርሰዋል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ። አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ፣ ዘመናቸው ያለፈ የኮሌጅ መጻሕፍት ናቸው። የጭነቱ ዋጋ ከመጻሕፍቱ ሳይበልጥ አይቀርም። ልጆቻችን የሚፈልጉት በአማርኛ የተጻፈ፣ ሥዕል ያለው፣ ቀጭን የልጆች መጽሐፍ ነው፤ ያ ደግሞ አዲስ አበባ ይታተማል። ገንዘቡን እዚህ ላለ ዘመድ ልካችሁ ከዚያው አስገዙ። ደራሲውም አሳታሚውም ይጠቀማሉ። መላክ ካለባችሁም የማንበቢያ መነጽር ላኩ። ቀላል ነው፤ ሻንጣ ጥግ ላይ ይገባል። ቁጥሩ ከአንድ እስከ ሦስት ያለው ይበቃል። እዚህ ያላችሁ ደግሞ፣ ልጆቻችሁ ያለፉበትን የመማሪያ መጽሐፍ ለእሳት ማቀጣጠያ አታድርጉብን። አምጡልን።

እንግዲህ ክቡራን፣ የምንጠይቀው ይህን ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ ከ4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት እንዲከፈት የሚፈቅድ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉልን። ሠራተኛዋ በምትኩ ሰኞ እንድታርፍ ይጻፍላት፤ በጽሑፍ ካልሆነ ነገ ሌላ ኃላፊ ሲመጣ እሷ ናት የምትጠየቀው። የየጽሕፈት ቤቱ ባለሙያዎች በወር አንድ ቅዳሜ እንዲመጡ በዕቅዳቸው ውስጥ ይግባ። ለስድስት ወር እንሞክረው። የገባውን ሰው ቁጥር በየሳምንቱ እኔ ራሴ መዝግቤ አመጣላችኋለሁ። ካልሠራ መልሳችሁ ዝጉት፤ አልቃወምም።

እናቴ ዘንድሮ 78 ዓመቷ ነው። መነጽር ገዝቼላታለሁ። ቤት ያሉኝን መጻሕፍት ጨርሳ አሁን የልጅ ልጆቿን ደብተር ታነባለች፤ የተሳሳቱትንም ታርማለች። ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፈት ከሆነ ቅዳሜ ይዤአት እንድመጣ ነግራኛለች። ገበያ ለመሄድ ጉልበቷ አይችልም፤ ያቺን ዳገት ግን በቀስታ እንወጣታለን።

የፊታችን ቅዳሜ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ በሩ ጋ እንገኛለን። ቁልፍ የያዘ ሰው ላኩልን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
በወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር

ግልባጭ፦
ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት
ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት
የውጭ አገር ሥራ ስምሪትን ለሚመለከተው የወረዳው ጽሕፈት ቤት
ለትምህርት ቤታችን የወላጅና መምህር ኅብረት
በቀዳዳው ወንበር ላዩት ለሁለቱ ልጆች